ስታንኳኪ ግቢ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነገረኝ አልልም። ሕልም ነው የሚለኝ ካለ፣ አልቀየመውም... ሕልም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም።

ረፋዱ ላይ ነው፣ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የምስጋና በዓል ዋዜማ ረቡዕ። ሚኒሶታ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ፣ ሃርገን በሚባለው ዶርም፣ ሦስተኛ ፎቅ።

በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ነጭ ነበር። በረዶ ከመጣሉ በፊት የሚመጣው ዓይነት ነጭ፣ የሁሉንም ነገር ጥላ የሚያጠፋ።

እንዲህ ባለ ብርሃን ሰው ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ስሜ ማሪት ነው። ባለፈው ሴሚስተር የዚያ ፎቅ ተጠሪ ነበርኩ።

ተጠሪ ራሷም ተማሪ ናት። ልዩነቷ ከፎቁ ልጆች ጋር የምትኖረው በሥራ መሆኑ ነው። ዶርምና ምግብ በነጻ ታገኛለች። በምትኩ፣ ቁልፏን ውስጥ ረስታ ፎጣ ለብሳ ኮሪደር ላይ የቀረችውን ትከፍትላታለች። እርጎዬን በላሽብኝ የሚባባሉትን ታስታርቃለች። ቅዳሜ ማታ ሰክራ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የተዘረጋችውን ጸጉሯን ይዛ ታስመልሳታለች፣ ጠዋት ደግሞ ወለሉን ማን እንደሚያጸዳ ትጨቃጨቃለች። በዶርም የተከለከለ ሻማ ትቀማለች።

ልጆቹ ሲከፋቸው እህታቸው ነሽ። ሲጠጡ ፖሊስ ነሽ።

እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው በሬን ሲያንኳኳ፣ አንዴ ተንፍሼ ነው የምከፍተው።

በሬ ላይ አንዲት የወረቀት ክብ ነበረች። ሁላችንም ተጠሪዎች አለን፤ ነሐሴ ላይ ሥልጠና ስንገባ በመቀስና በቀለም እንሠራታለን። እንደ ፒዛ ተከፋፍላ «ውስጥ ነኝ»፣ «ትምህርት ላይ»፣ «ካፌ»፣ «ዙር ላይ»፣ «ተኝቻለሁ» ተብሎ ይጻፍባታል። መሃሏ ላይ የምትዞር ቀስት አለች። በወጣን በገባን ቁጥር ቀስቷን እናዞራለን፣ ልጆቹ የት እንዳለን እንዲያውቁ።

የዶርሙ ኃላፊ ፖሌት ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምድር ቤት ከድመቷ ጋር ትኖራለች። በሥልጠናው ቀን መቀሱን እያቀበለችን እንዲህ አለች፦

«ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቅር እላችኋለሁ። ቀስታችሁ ግን እንዳትዋሽ።»

ሁላችንም ሳቅን።

ኮራ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። በኮሪደሩ ጫፍ፣ የመጨረሻው ክፍል። አብራት የነበረችው ልጅ ጥቅምት ላይ ከጓደኛዋ ጋር ልትኖር ወደ ሌላ ዶርም ተዛወረች፤ ኮራ ከባዶ አልጋ ጋር ቀረች።

በር የምታንኳኳው በአንድ ጥፍር ነው።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስላል።

«ማሪት፣ ሥራ አስፈታሁሽ?»

«ኧረ ግቢ።»

መጀመሪያ የምትመጣው ለትንሽ ነገር ነበር። ማሞቂያው ያፏጫል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ትቀመጣለች፣ ጥቂት ታወራለች፣ ከመውጣቷ በፊት ወንበሩን ወደ ቦታው ትመልሳለች። ሌላ ማንም ወንበሩን መልሶ አያውቅም።

አንድ ቀን ግን አልቀመጥ አለች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ? እንዳትስቂብኝ።»

«አልስቅም።»

«ረፋዱ ላይ... ሁሉም ትምህርት ሲሄድ... በሬ ይንኳኳል።»

«ማነው?»

«ማንም። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ከዚያ ‘ተጠሪ ነኝ፣ ልገባ ነው’ ይላል። ግቢ እላለሁ። ማንም አይገባም።»

«የታች ፎቅ ወንዶች ናቸው። ሥራ ፈቶች።»

«ከዚያ ደግሞ ሽ...ርርር ይላል።»

«ምኑ?»

«ፕላስተር ከጥቅሉ ሲተረተር እንደሚለው።» እጆቿን እያራራቀች አሳየችኝ። «ከዚያ የእግር ኮቴ። ይሄዳል።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

«የሴት ድምፅ ነው። ማሪት... ያንቺ ድምፅ ነው።»

ሳቅኩ።

አልስቅም ብዬ ሳቅኩ።

«እኔ በዚያ ሰዓት እኮ ላብራቶሪ ነኝ፣ ኮራ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ቀስትሽን አይቻለሁ።»

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ከዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ዛሬ የወንድ ድምፅም አብሮ ነበር። ራቅ ብሎ። ‘ቶሎ በይ፣ በረዶው መጣ’ ይላል። በመስኮት አየሁ... ፀሐይ ነበር። ሰዎች በቲሸርት ኳስ ይጫወታሉ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለፖሌት መንገር የተጠሪ ግዴታ ነው። ሥልጠናው ላይ ደጋግመው ነግረውናል። ደረጃውን ወርዶ፣ በሩን አንኳኩቶ፣ «አንዲት ልጅ አሳስባኛለች» ማለት ነው። በቃ። የቀረውን የሚያውቁት ሌሎች ናቸው።

አልነገርኩም።

ፈተና ላይ ነበርኩ። ደክሞኝ ነበር። ደግሞም... «ያንቺ ድምፅ ነው» ብላለች። እሱን ለሰው መድገም አልፈለግሁም።

ይልቅ ሌላ ነገር አደረግሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቀስቴን «ትምህርት ላይ» ላይ አደርጋት ጀመር።

ቀላል ነበር። በሩን ገርበብ አድርጌ እጄን አወጣለሁ፣ አዞራለሁ፣ ቀስ ብዬ እዘጋለሁ።

ኮራ ትመጣለች። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። አልጋዬ ላይ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። ትሄዳለች።

ማክሰኞ፣ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት፣ እንደገና መጣች። የፈላ ኑድል ጭኔ ላይ ነበር። ሹካውን አፌ ውስጥ እንዳለ ያዝኩት።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ከበሩ ሥር የሁለት እግሮች ጥላ ይታየኛል። አልሄደም።

«ማሪት...»

ሹክሹክታ ነው። አፏን እንጨቱ ላይ ያስጠጋች ይመስለኛል።

«ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ። ኑድሉ ይሸተኛል።» ፈገግ ያለች ያህል ነበር ድምፅዋ። «ምንም አይደለም። ግን ነገ ስትዘጉ፣ የሁሉንም ክፍል ታያላችሁ አይደል? የእኔንም ስታንኳኪ... ግቢ። እባክሽ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስታንኳኪ ግቢ።»

ሹካውን ከአፌ አላወጣሁም።

ጥላው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሄደ።

ኑድሉ ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንም በላሁት። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ... መብላቴ።

ረቡዕ መጣ።

ዶርም ለበዓል ሲዘጋ ሥራችን እንዲህ ነው። ልጆቹ እስከ ረፋዱ ድረስ ይወጣሉ። ከዚያ ተጠሪው እያንዳንዱን በር ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ «ተጠሪ ነኝ፣ ልገባ ነው» ይላል፣ ሁሉን በሚከፍተው ማስተር ቁልፍ ይገባል። መስኮት የተዘጋ መሆኑን ያያል። ከሶኬት ያልተነቀለውን ይነቅላል። የተረሳ ሙዝ ይጥላል። ሰው አለመቅረቱን አይቶ ይወጣና ይቆልፋል። መጨረሻ ላይ በሩና መቃኑ ላይ ወረቀት ፕላስተር ይለጥፍና ይፈርምበታል። ፕላስተሩ እንዳለ ከሆነ ክፍሉ ታይቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አይከፍተውም።

የዓመቱ የመጀመሪያ መዝጊያ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በፎቁ ላይ ማንም ፕላስተር ለጥፎ አያውቅም።

ይህን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው።

የሁለተኛው ፎቅ ተጠሪ ዴዝሞንድ፣ ቤቱ በእኛ መንገድ ስለሆነ በመኪናው ሊወስደኝ ነበር። የራሱን ጨርሶ ደረጃው አናት ላይ ቆሟል፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«እመቤት ማሪት! ለሙዝ ቀብር ነው የምታደርጊለት?»

«መጣሁ አልኩህ።»

«ሰማዩን አይተሻል? መንገድ ላይ ብንቀር አንቺን ነው መጀመሪያ የምበላው።»

«ሥጋ የለኝም።»

«ሾርባ ይወጣሻል።»

እየሳቅኩ ነበር የመጨረሻው በር ጋ የደረስኩት።

የኮራ በር።

ሳቄ ቆመ። ትናንት ከበሬ ሥር ያየሁት ጥላ ትዝ አለኝ። ውስጥ ካለች ምን እላታለሁ? «ኑድሉ ጥሩ ነበር» ልበላት? ወደ ቤቷ፣ ወደ ፋርጎ ከተማ የሚሄደውን የጠዋት አውቶቡስ እንደምትይዝ ለጎረቤቶቿ ተናግራለች፤ ይህን ሰምቻለሁ። ሄዳለች። ሳትሄድ አትቀርም።

ግን ብትኖርስ... ያን ፊት ማየት አፈርኩ።

ኳ... ኳ... ኳ።

«ተጠሪ ነኝ፣ ልገባ ነው።»

ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። አላስገባሁትም።

ከውስጥ አንድ ነገር ሰማሁ።

ቀጭን ነው። ሩቅ ነው። ከትራስ ሥር የሚጮህ ሰው... ወይም የእንፋሎት ፉጨት።

«ምንድነው?» አለ ዴዝሞንድ ከደረጃው።

«ማሞቂያው ነው።»

«ማሪት፣ ቶሎ በይ! በረዶው መጣ!»

ፕላስተሩን ከጥቅሉ ሳብኩት።

ሽ...ርርር።

ለጠፍኩ። ፈረምኩ። ሄድኩ።

በረዶው መንገዱን ስላዘገየው፣ አመሻሹ ላይም ገና መኪና ውስጥ ነበርን። ስልኬ ጠራ። ፖሌት ናት።

«ማሪት፣ የኮራ እናት ደውላልኝ ነበር። ፋርጎ ጣቢያ ቆማ ነው። ልጅቷ ከአውቶቡሱ አልወረደችም። ስልኳም ይጠራል፣ አይነሳም።»

ዴዝሞንድ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ።

«ክፍሏን አይተሻል አይደል?»

የመኪናው መስታወት መጥረጊያ አንዴ ሄደ፣ አንዴ ተመለሰ።

«አዎ።»

«ገብተሽ?»

«ገብቼ። ባዶ ነው።»

ፖሌት በረጅሙ ተነፈሰች። ቀለል እንዳላት ይሰማል።

«ተመስገን። አሁን ወጥቼ አይቼዋለሁ፣ ፕላስተሩም እንዳለ ነው። እንግዲያው ከግቢ ወጥታለች ማለት ነው፤ ፖሊሶቹ ከጣቢያው ይጀምሩ። አመሰግናለሁ የኔ ቆንጆ። ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?»

ዘጋሁት።

«ገብተሻል?» አለ ዴዝሞንድ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ገብቻለሁ አልኩ እኮ።»

«እሺ።»

ሬዲዮውን መልሶ ከፍ አደረገው። እስከ ቤታችን ድረስ ሌላ ቀልድ አልቀለደም።

ማታ ልብሴን ሳወልቅ ማስተር ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ስንወጣ ዶርሙ የቁልፍ ሣጥን ውስጥ መመለስ ነበረብኝ። ረስቼዋለሁ።

ብረቱ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰውነቴ ላይ ውሎ... ቀዝቃዛ።

ሐሙስ፣ የበዓሉ ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪው፣ ከምድጃ ወጣ። የተፈጨው ድንች፣ ጣፋጩ የዱባ ፓይ። አባቴ ቢላ ይስላል። አክስቴ ኢንግሪድ ሳህኔን አይታ፦

«ይቺ ልጅ ታመመች እንዴ? አምና እኮ አጥንት ነበር የተረፈን!»

«ተያት፣ ፈተና ነው» አለ አባቴ።

በእኛ ቤት ከመብላታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ ምን እንደሚያመሰግን ይናገራል። አክስቴ ዝም ለማሰኘት ብርጭቆዋን በጥፍሯ መታች።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

ሹካዬ ወደቀ።

«ማሪት፣ ተራሽ ነው።»

ሁሉም ያዩኛል።

«ስለ... ፎቄ ልጆች።»

«እንዴት ደስ ይላል!» አለች አክስቴ። አባቴ ትከሻዬን ጨበጥ አደረገኝ። ኮርቶብኛል።

ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ስልኬን አወጣሁ፣ የፖሌትን ስም አየሁት... መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ዓርብ ጠዋት አባቴን ቀሰቀስኩት።

«አባዬ፣ ዶርም ውሰደኝ። ቁልፍ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ሰኞ አትመልሺውም?»

«ዛሬ።»

ፊቴን አየ። ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ።

ሃርገን ስንደርስ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ያንጸባርቃል። ፖሌት የለችም፤ ከኮራ እናት ጋር ፖሊስ ጣቢያ ናት።

«ሞተሩን አላጠፋም» አለ አባቴ። «ከቆየሽ ጥሩምባ እነፋለሁ።»

ገባሁ።

ሰው የሌለበት ዶርም እንደዚያ ዝም እንደሚል አላውቅም ነበር። ማሞቂያዎቹ ጠፍተዋል። ትንፋሼ ይታየኛል። በየበሩ ላይ የእኔ ፕላስተር፣ በየፕላስተሩ ላይ የእኔ ፊርማ።

በራሴ በር አጠገብ አለፍኩ።

ቀስቷ...

ማክሰኞ «ትምህርት ላይ» አድርጌያት ነበር። ከዚያ አልነካኋትም። እርግጠኛ ነኝ።

አሁን «ውስጥ ነኝ» ላይ ናት።

መመለስ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ።

የኮራ በር ላይ ፕላስተሩ እንዳለ ነው። አልተቀደደም፣ አልተላቀቀም። በጥፍሬ ቀደድኩት። ቁልፉን አስገባሁ።

አላንኳኳሁም። ገባሁ።

ማንም የለም።

አልጋው ተነጥፏል። ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ካፖርቷ ሚስማሩ ላይ ነው። የበረዶ ጫማዋ ከማሞቂያው ሥር ጎን ለጎን ቆሟል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ ድምፁ ጠፍቶ... ስክሪኑ ላይ «እማዬ» «እማዬ» «እማዬ» ይላል።

መስኮቱ ከውስጥ ተቆልፏል።

ያለ ካፖርት፣ ያለ ጫማ የትም አልሄደችም። በዚህ ክፍል ውስጥ ነበረች። ረቡዕ... እዚህ ነበረች።

«ኮራ?»

ከኋላዬ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ዞርኩ።

በበሩ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ የወረቀት ክብ ተለጥፋለች። እንደ እኔዋ የተከፋፈለች። በእርሳስ፣ በትንንሽ ፊደል ተጽፎባታል። ጠጋ ብዬ አነበብኩ።

ውስጥ ነኝ።

ውስጥ ነኝ።

ውስጥ ነኝ።

ውስጥ ነኝ።

ውስጥ ነኝ።

ቀስቷ ገና ትንቀጠቀጣለች። ጣት አሁን እንደለቀቃት።

እጄን ወደ እጀታው ሰደድኩ... እና ቆምኩ። ከውጭ ኮቴ ሰማሁ። እየቀረበ ነው። ሳቅም አብሮት አለ።

በሩ ጋ ሲደርስ ሳቁ ቆመ።

ኳ... ኳ... ኳ።

«ተጠሪ ነኝ፣ ልገባ ነው።»

ድምፁ የእኔ ነው።

የእኔው ነው። የረቡዕዋ እኔ። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ስትቸኩል ሳይቀር።

«ግቢ!» ብዬ ጮህኩ። «ክፍት ነው! ግቢ! ግቢ!»

ጉሮሮዬ እስኪቀደድ ነው የጮህኩት። ግን የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ነበር። ለራሴም ጆሮ ሩቅ ነበር። ከትራስ ሥር እንደሚጮህ።

ከደረጃው በኩል ወንድ፦ «ምንድነው?»

ከበሩ ማዶ፣ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ እኔ መለስኩ፦

«ማሞቂያው ነው።»

ሽ...ርርር።

እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አይዞርም። የመዳፍ ግፊት በእንጨቱ በኩል ተሰማኝ፤ ፕላስተሩን እየለጠፈች ነው። ከዚያ የብዕር ጭረት። ከዚያ ኮቴዋ ራቀ።

ቁጭ አልኩ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ኮራ ይህንን ስንት ረፋድ ሰማችው? እያንዳንዱን ጊዜ «ግቢ» ብላለች። ነግራኛለች እኮ... ግቢ እላለሁ ብላ ነግራኛለች።

የአባቴ ጥሩምባ ጮኸ።

እጀታው ዞረ።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች። በበሩና በመቃኑ ላይ አዲስ ፕላስተር ተለጥፎ፣ እኔ ስወጣ ተቀደደ። ፊርማው የእኔ ነው።

ፖሊስ ጣቢያው ድረስ አባቴ ወሰደኝ። ለፖሌት ነገርኳት፣ የኮራ እናት እየሰማች። አልገባሁም ነበር አልኩ። በሩን አልከፈትኩም። ዋሽቼ ነበር አልኩ።

እናትየዋ አልጮኸችም። እጆቿ ላይ የልጇን ጓንት ይዛ ነበር፤ እሱን ማጠፍ ጀመረች።

«ረቡዕ ማታ ብትነግሪኝ...» አለች ፖሌት። አልጨረሰችውም። መዳፏን ዘረጋችልኝ። ቁልፉን አስቀመጥኩበት።

ስለ ድምፁ ለማንም አልተናገርኩም። ማምለጫ የምፈልግ ይመስል ነበር።

ኮራ እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ሐይቁን ፈልገዋል፣ ጫካውን በውሻ ፈልገዋል። ሁሉም ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ሁለቱን ቀን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

አሁን ጥር ነው። በሌላ ዶርም፣ ምድር ቤት፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ እኖራለሁ። ተጠሪያችን ዊኖና የምትባል ተጫዋች ልጅ ናት፣ በሯ ላይ በብልጭልጭ ያበደች ክብ አለቻት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ፣ በርሽን ከፍተሽ ነው እንዴ የምትተኚው? ሰው እኮ ያይሻል!»

«ይየኝ።»

«ቢሰርቁሽስ?»

«የሚሰረቅ የለኝም።»

ከፍቼ ነው የምተኛው። በወንበር አስደግፌ። ማንም ቢያንኳኳ፣ ሳልተነፍስ «ግቢ» እላለሁ። ማንም ቢመጣ። እርሳስ ሊዋሱ ለመጡት ሳይቀር፣ ዘልዬ ተነስቼ።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት የለኝም ነበር። አርፍጄ ነቃሁ። ብርሃኑ ነጭ ነው።

በሩ ተዘግቷል።

ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ሰዓት ገደማ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ።

«ማሪት?» አለች፣ እንጨቱ ላይ ተጠግታ። ድምፅዋን ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። «ልገባ ነው።»

«ግቢ!» አልኩ። «ኮራ፣ ግቢ! አለሁ! ውስጥ ነኝ!»

እያዳመጠች ነው። ትንፋሽዋ ይሰማኛል።

ከዚያ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ ቀስ ብላ...

«ማሞቂያው ነው።»

ሽ...ርርር።

ይህን የምጽፍላችሁ አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ኮቴዋ ከራቀ ቆይቷል። የበሩን እጀታ ገና አልሞከርኩትም።